ስለ መጽሐፈ ሄኖክና ስለ መጽሐፈ ኩፋሌ የተደረገ ምርመራ

ደብራችን ከተተከለ 50 ዓመት ሞላውና በዓለ ኢዮቤልዩውን እናከብራለን። የሰበካው ጉባኤም ለመታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥንተ ክርስትና ታሪክ ጥቂት ነገር እንድጽፍ አዘዘኝ። ስለ ምን እንደምጽፍ ሳወጣና ሳወርድ የበዓሉ ስም ራሱ መንገዱን አመለከተኝ። ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተነገረው ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚውለው ሃምሳኛው ዓመት ነው፤ ይኸውም ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት ነው። እኛ ኩፋሌ የምንለውንም መጽሐፍ ፈረንጆች የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ይሉታል። ነገር ግን በኩፋሌ ኢዮቤልዩ 49 ዓመት ብቻ ነው፤ ከፍጥረተ ዓለም አንሥቶ እስራኤል ወደ ምድረ ርስት እስከ ገቡበት ያለውንም ዘመን 50 ኢዮቤልዩ፥ ማለት 2450 ዓመት አድርጎ ይቈጥረዋል። እንግዲህ በኩፋሌ ቍጥር የሄድን እንደ ሆነ በዓላችንን በአንድ ዓመት አዘግይተነዋል። የበዓሉ አዘጋጆች ግን በዚህ እንዳይቀየሙኝ፥ በኦሪቱ ቍጥር ልክ ነው።

ስለ ኩፋሌና ስለ ወንድሙ ስለ ሄኖክ ለመጻፍ ያስነሣኝ ሌላም ምክንያት አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶች እየመጡ ይጠይቁኛል። እኵሌቶቹ፥ «የውጭ አገር ሊቃውንት መርምረው ሄኖክ የሐሰት መጽሐፍ ነው ብለዋል፤ ታዲያ ለምን ከ81ዱ ጋራ እንቈጥረዋለን?» ይላሉ። እኵሌቶቹ ደግሞ፥ «ሄኖክ መጽሐፉን የጻፈው በግዕዝ ነው፤ በጨው ባሕር ዳር የተገኘውም ይህን መሰከረ» እያሉ በደስታ ይነግሩኛል። ሁለቱም ወሬ እንጂ ምርመራ አይደለም። የሁለተኛውን ግን አጥብቄ ልገሥጽ አልችልም፤ እኔው ራሴ ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት በአንድ ክብረ በዓል ላይ ቆሜ ሄኖክ በግዕዝ ተጻፈ ብዬ አስተምሬያለሁና። ሕዝቡም እልል ብሎ ነበር። መጽሐፍ ሳልመረምር፥ ከሰው አፍ የሰማሁትን በዐውደ ምሕረት ተናገርሁ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቀን ስሕተቴ ዕዳ መክፈያ ይሁንልኝ። ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ መጽሐፉ በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ጠፋ እንናገር። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ሄኖክን ከአዳም ሰባተኛ ብሎ ጠርቶ ትንቢቱን ጠቅሷል። ከሐዋርያት በኋላ የተነሡ መምህራንም መጽሐፉን ያውቁት ነበር። በ200 ዓ.ም. ገደማ በቅርጣግና የነበረው ጠርጡልያኖስ ስለ መጽሐፉ ተከራክሯል፤ «ከጥፋት ውኃ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ እንዴት ተረፈ?» ለሚሉትም ኖኅ የሄኖክ የልጅ ልጅ ልጅ ነበርና ቃሉን ከአባቶቹ ሰምቶ ሊያስተላልፈው ይችላል ብሎ መለሰ። ነገር ግን አርጌንስ ተጠራጠረ፤ ሄሮኒሞስም ከሥርዓት መጻሕፍት ውጭ አደረገው፤ አውግስጢኖስም እጅግ ጥንታዊ ነን የሚሉ ጽሑፎች እውነተኛነታቸው አይታወቅም ሲል ገፋው። አይሁድም ቀድመው ትተውት ነበር። የማይነበብ መጽሐፍ አይገለበጥም፤ ያልተገለበጠም ብራና በብልና በእርጥበት ያልቃል። በ800 ዓ.ም. ገደማ ጊዮርጊስ ሲንቄሎስ የተባለ የቍስጥንጥንያ መነኵሴ በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ጥቂት ክፍል በጽርዕ ጠቅሶ አስቀርቷል። ከዚያ በኋላ በኤውሮፓ ስሙ ብቻ ቀረ።

በኢትዮጵያ ግን መጻሕፍት ከጽርዕ ወደ ግዕዝ በተተረጐሙበት በአክሱም መንግሥት ዘመን ሄኖክም ኩፋሌም አብረው ተተረጐሙ፤ ከዚያም ወዲህ ከገዳም ወደ ገዳም እየተገለበጡ ኖሩ። አባቶቻችን ይህን ሲያደርጉ የጠፋ መጽሐፍ እንጠብቃለን ብለው አልነበረም። በሌላ አገር መጥፋቱን ማን ነገራቸው? የሚያነቡትን መጽሐፍ ሲያረጅ ገለበጡት፤ ይኸው ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት በኤውሮፓ መጽሐፉ በኢትዮጵያ አለ የሚል ወሬ ተሰማ። ፔሬስክ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ብዙ ደክሞ አንድ የግዕዝ መጽሐፍ አስመጣና ሄኖክን አገኘሁ ብሎ ደስ አለው፤ በ1637 ዓ.ም. ሞተ። ከሞተ በኋላ ግን የአባ ጎርጎርዮስ ደቀ መዝሙር የነበረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1683 ዓ.ም. በፓሪስ ያን መጽሐፍ ገልጦ ቢያነበው ሄኖክ አልነበረም፤ አባ በኃይለ ሚካኤል የደረሱት መጽሐፈ ምሥጢረ ሰማይ ወምድር ነበር። እዚህ ላይ ሳላነሣ የማላልፈው ነገር አለ። ሉዶልፍ ይህን ለይቶ ለማወቅ የቻለው በ1649 ዓ.ም. በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኝቶ፥ በ1652 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጎታ አስመጥቶ ግዕዝንና አማርኛን ከእሳቸው ስለ ተማረ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ መርከባቸው ተሰብራ በባሕር ሞቱ። የፈረንጅ የግዕዝ ትምህርት ሁሉ ሥሩ የዚያ የመካነ ሥላሴ ካህን ቃል ነው።

ከዚህ በኋላ ተስፋ የቈረጡ ብዙዎች ነበሩ። በመጨረሻ ስኮትላንዳዊው ያዕቆብ ብሩስ ጎንደር ተቀምጦ ሲመለስ በ1773 ዓ.ም. ሦስት የሄኖክ መጻሕፍት ይዞ ኤውሮፓ ገባ፤ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፥ አንዱን ለኦክስፎርድ፥ አንዱን ለራሱ አስቀረ። መጽሐፉ ደርሶ እንኳ የሚያነበው አልተገኘም። በ1800 ዓ.ም. ሲልቬስትር ደ ሳሲ ጥቂት ምዕራፎች ወደ ሮማይስጥ መለሰ፤ በ1821 ዓ.ም. ሪቻርድ ሎረንስ ሁሉን በእንግሊዝኛ ተርጕሞ አሳተመ። ከ1773 እስከ 1821 ድረስ 48 ዓመት ነው፤ በኩፋሌ ቍጥር አንድ ኢዮቤልዩ ሊሞላ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

እውነተኛው ምርመራ የተጀመረው በጀርመናዊው በአውግስጦስ ዲልማን ነው። በ1851 ዓ.ም. አምስት መጻሕፍት አስተያይቶ የሄኖክን ግዕዝ አሳተመ፤ በ1859 ዓ.ም. ኩፋሌን አሳተመ፤ በ1857 ዓ.ም. የግዕዝ ሰዋስው፥ በ1865 ዓ.ም. የግዕዝ መዝገበ ቃላት አወጣ። ይህን ሰው ስለ ትጋቱ አከብረዋለሁ። ኢትዮጵያን ሳያያት ስንት ዓመት በግዕዝ ፊደል ላይ እንደ ተደፋ መዝገበ ቃላቱን የገለጠ ሁሉ ያውቃል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ በ1906 ዓ.ም. 23 መጻሕፍት አስተያይቶ ሄኖክን እንደ ገና አሳተመ። 23 መጻሕፍት እንዴት ሊያገኝ ቻለ ያልን እንደ ሆነ፥ ብዙዎቹ በሎንዶን ነበሩ፤ በ1868 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ከወሰዳቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ በሎንዶን ቤተ መጻሕፍት ገብተዋልና። ምርመራው ታላቅ ነው፤ የተመረመረበት ብራና ግን እንዴት ከዚያ እንደ ደረሰ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ በዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የእነዚህ ሊቃውንት ክርክር፥ መጽሐፉ ከጌታ ልደት በፊት የተጻፈ ነው ወይስ በኋላ የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ትንሽ መስሎ አይታያችሁ። በወንጌል ስለ ፍርድ ቀን፥ ስለ ሙታን ትንሣኤ፥ ስለ መላእክትና ስለ አጋንንት፥ ስለ ወልደ እጓለ እመሕያው የተነገረው ነገር አይሁድ በዚያ ዘመን ይሰሙትና ይጠብቁት የነበረ ነው፥ ወይስ ከውጭ፥ ከግሪኮችና ከሌሎች አሕዛብ በኋላ የመጣ ነው? ሄኖክ ከልደት በፊት የተጻፈ ከሆነ፥ ጌታ በገሊላ ሲያስተምር ሰሚዎቹ ምን ዐውቀው ይሰሙት እንደ ነበር ከእርሱ ይገኛል። በኋላ የተጻፈ ከሆነ ግን ከወንጌል የተቀዳ ይሆናል እንጂ ለወንጌል ምስክር አይሆንም። በእጅ ያለው ግዕዝ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህን የሚቈርጥ ዳኛ አልነበረም። በ1886 ዓ.ም. ክረምት ገደማ በግብጽ በአክሚም ከአንድ መቃብር የሄኖክ መጀመሪያ ክፍል በጽርዕ ተጽፎ ተገኘ፤ ይህም የግዕዙ አባት ጽርዕ መሆኑን አጸና፥ ዘመኑን ግን አልቈረጠም።

ዳኛው የመጣው ከዋሻ ነው። በ1947 ዓ.ም. ከጨው ባሕር በስተ ሰሜን ምዕራብ ኩምራን በሚባል ቦታ ዘላን እረኞች በዋሻ ውስጥ በሸክላ ማሰሮ የተቀመጡ ጥቅልሎች አገኙ። ከዚያም በ11 ዋሻዎች 900 ያህል መጻሕፍት፥ የሚበዙት ተቈራርጠው፥ ተገኙ። ይህ ማኅበር በ68 ዓ.ም. በሮማውያን ጦር ጠፍቷልና መጻሕፍቱ ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ሊሆኑ አይችሉም። በ1952 ዓ.ም. በተከፈተው በአራተኛው ዋሻ ከተገኙት ቍርጥራጮች መካከል የሄኖክ ክፍሎች የሆኑ 11 መጻሕፍት በአራማይስጥ ተገኙ፤ ፖላንዳዊው ካህን ዮሴፍ ሚሊክ 24 ዓመት ከቈየ በኋላ በ1976 ዓ.ም. አሳተማቸው። ከሁሉ የቀደሙት የፊደላቸው አጣጣል ታይቶ ከልደተ ክርስቶስ በፊት 200 ዓመት ገደማ የተጻፉ ሆነው ተገኙ። ይሁዳ በመልእክቱ የጠቀሰው ቃል ሳይቀር፥ ስለ ቅዱሳን አእላፍ የሚናገረው፥ ጥቂት ቃላቱ በአራማይስጥ ተርፈው ታዩ። ከኩፋሌም 14 ያህል መጻሕፍት በዕብራይስጥ ተገኙ። በ1977 ዓ.ም. ያዕቆብ ቫንደርካም የተባለ የአሜሪካ ሊቅ ዕብራይስጡን ከግዕዙ ጋራ ቃል በቃል ቢያስተያየው ግዕዙ እጅግ የታመነ ሆኖ አገኘው። እስቲ አስቡ፤ ዕብራዊው ጽሑፍ በዋሻ ተደብቆ፥ ጽርዑ ጠፍቶ፥ ሙሉው ኩፋሌ በዓለም ላይ በግዕዝ ብቻ ተርፎ፥ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ዋሻው ሲከፈት ሁለቱ ቃል ለቃል ተገናኙ።

ይህ ከሆነ ወጣቶቹ «የሐሰት መጽሐፍ» ላሉት መልሱ ግማሽ ተገኘ፤ ሄኖክ ክርስቲያኖች ከወንጌል ቀድተው የፈጠሩት አይደለም። ሌላው ግማሽ ግን ይከብዳል፥ ልደብቀውም አልፈልግም። ሊቃውንቱ መጽሐፉ ከአዳም ሰባተኛው ሄኖክ በእጁ የጻፈው ነው አይሉም፤ ከልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በተለያየ ጊዜ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ አምስት ክፍሎች ተሰብስበው የሆነ ነው ይላሉ። እኔ እንደ አባቶቼ ሥርዓት መጽሐፉን ቅዱስ ብዬ እቀበላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለችው ስለ ቃሉ ነው እንጂ ስለ ብራናው ዕድሜ አይደለምና። ስለ ብራና ዕድሜ ግን ብራና የሚያውቀውን እሰማለሁ። ሁለቱን ደባልቆ አንዱ ሲነካ ሌላው ወደቀ ብሎ የሚደነግጥ ሰው፥ መዝሙረ ዳዊት የሚዘመርበት ብራና የስንት ዓመት እንደ ሆነ ሲነገረው ዳዊትን ሊተው ነው።

«በግዕዝ ተጻፈ» ላሉትም፥ ለራሴም ጭምር፥ መልሱ ይህ ነው፤ ሄኖክ በአራማይስጥ፥ ኩፋሌ በዕብራይስጥ ተጻፉ፥ ወደ ጽርዕ ተመለሱ፥ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ ተተረጐሙ። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ኩምራን ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ራሱ ግዕዙ ይናገራል። በኩፋሌ ውስጥ ተርጓሚው ያላወቀውን የዛፍና የሸለቆ ስም በጽርዕ ድምፁ በግዕዝ ፊደል ጽፎ ትቶታል፤ ጽርዓውያን ድሪስ የሚሉትን ዛፍ የሚመስል ቃል በግዕዝ ሲያነብ የቅኔ ተማሪ ከየት ሥር እንደ ወጣ ይጨነቅበታል፤ ሥሩ ግን ባሕር ማዶ ነው። ደግሞ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አካሄድ የሚናገረው የሄኖክ ክፍል፥ የባሕረ ሐሳብ ሰዎች የምንወድደው የ364 ቀን ዓመት የተነገረበት፥ በአራማይስጡ እጅግ ረጅም ሲሆን በግዕዙ ባጭሩ ተቈርጦ ይገኛል። በእጃችን ያሉት የግዕዝ መጻሕፍትም ከተተረጐመበት ዘመን ብዙ መቶ ዓመት የራቁ ናቸው፤ ከቀደሙት የሚቈጠረው በሐይቅ እስጢፋኖስ የኖረው መጽሐፍ እንኳ ከ15ኛው መቶ ዓመት ብዙ የሚያልፍ አይደለም። በመካከል ስንት ጸሐፊ በስንት ጨለማ ቤት ገለበጠው! ይህ ሁሉ ሲነገር የተነጠቅን የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ዐደራ የተቀበለ ሰው ገንዘቡ የእኔ ነው ካለ ምስክርነቱ ይፈርሳል።

ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያለበት ምሳሌያት የሚባለው፥ በፈረንጆች አከፋፈል ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ነው። ስለ ወልደ እጓለ እመሕያው፥ በክብር ዙፋን ተቀምጦ ነገሥታትን ስለሚፈርደው፥ የሚናገረው በዚህ ነው። ይህ ክፍል ግን በኩምራን አልተገኘም፤ በጽርዕም የለም፤ ያለው በግዕዝ ብቻ ነው። ሚሊክ ይህን አይቶ ክርስቲያኖች በ270 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት ነው አለ። ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት ይህን አልተቀበሉትም፤ ከልደት በፊት ባለው ወይም በኋላ ባለው በመጀመሪያው መቶ ዓመት አይሁድ የጻፉት ነው ይላሉ። ማስረጃቸውም የተመሰገነ ነው፤ ክርስቲያን የጻፈው ቢሆን ኖሮ የኢየሱስን ስም፥ መስቀሉን፥ ትንሣኤውን ሳያነሣ እንዴት አለፈ? በመጨረሻው በምዕራፍ 71 ደግሞ መልአኩ ያ የሰው ልጅ ራሱ ሄኖክ እንደ ሆነ የሚነግረው ይመስላል። ይህን ክርስቲያን አይጽፈውም። ቻርልስ በዚህ ቦታ ተቸገረና አንድ መጽሐፍ እንኳ ሳይመሰክርለት «አንተ» የሚለውን «ይህ» ብሎ ለወጠው። በጉባኤ ቤት ቢሆን መምህራችን ቆመው ይገሥጹት ነበር፤ የሚያስቸግር ንባብ ሲመጣ ተማሪ ትርጓሜውን ይፈልጋል እንጂ ንባቡን አያርምም። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሊቃውንት ንባቡን ወደ ቦታው መልሰውታል።

በዚሁ ክፍል የግዕዝ ተማሪን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ተርጓሚው ያን የሰው ልጅ በሦስት ስም ይጠራዋል፤ ወልደ ሰብእ፥ ወልደ ብእሲ፥ ወልደ እጓለ እመሕያው። ፈረንጆች ይህን አይተው ሦስት ልዩ ልዩ ቃል በጽርዑ ነበረን ወይስ አንድ እያሉ ብዙ ወረቀት ጨርሰዋል። ቅኔ የተማረ ሰው ግን አንዱን ነገር በሦስት ቃል መጥራት ለግዕዝ ጸሐፊ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያውቃል። በምዕራፍ 62 ደግሞ እኵሌቶቹ መጻሕፍት ወልደ ብእሲ ሲሉ እኵሌቶቹ አንዲት ት ጨምረው ወልደ ብእሲት፥ የሴት ልጅ፥ ይላሉ። እመቤታችንን ያሰበ ጸሐፊ እጁ ሳተ፥ ወይስ አውቆ ጨመረ? በአንዲት ፊደል ትንቢቱ ከአይሁድ ተስፋ ወደ ልደተ ክርስቶስ ተሻገረ። ሊቃውንት ወልደ ብእሲ የሚለውን የቀደመ ንባብ ነው ይላሉ፤ እኔም እንዲሁ ይመስለኛል።

ይህን ስጽፍ ደብራችን በተተከለ ጊዜ አንድ ባሕታዊ የሰጡንን ሄኖክ ከዕቃ ቤት አስወጥቼ አየሁት። የሚነበበው በዐመት አንድ ጊዜ እንኳ አይደለም፤ ማኅደሩ ተበጥሷል፥ በመጨረሻም ጥቂት ቅጠል ጐድሎታል። ያን ቦታ ፈልጌ አገኘሁት። ወልደ ብእሲ ይላል፤ ከሲ በኋላ ግን አንዲት ፊደል የሚያህል ስፍራ በቢላዋ ተፍቋል፥ ብራናውም ከዚያ ላይ ሳስቷል። በብርሃን ላይ ዘርግቼ ስመለከተው የት እግር ገና ይታያል።